ውዱ እትምና ምርጡ እትም አንድ አይደሉም

የደረሰኝ ጥያቄ እንዲህ ይላል፦

«ሰላም ጋሼ። የሻንግ-ቺን ፊልም ካየሁ በኋላ የድሮውን የኩንግ ፉ ኮሚክ ማሳደድ ጀመርኩ። በቅርቡ 11 እትም በአንድ ላይ ገዛሁ። ቁጥሮቹ 31፣ 33፣ 34፣ 35፣ 38፣ 39፣ 42፣ 45፣ 46፣ 47 እና 50 ናቸው። አሁን ያማከርኩት ሰው ሁሉ ‹ሻንግ-ቺ መጀመሪያ የወጣበትን እትም ካልያዝክ ምኑን ሰበሰብከው?› ይለኛል። እሱ ደግሞ ውድ ነው። ለእሱ ገንዘብ ላጠራቅም ወይስ የጎደሉኝን ልሙላ? ሌላው፣ 38ኛው ሽፋን ላይ 25 ሳንቲም ይላል። 39ኛው 30 ይላል። 42ኛው ተመልሶ 25 ይላል። የኅትመት ስህተት ነው? እንደ ሌሎቹ ሰብሳቢዎች በጠንካራ ፕላስቲክ ላሳሽጋቸውስ? በመጨረሻ በግልጽ ልጠይቅዎት፤ ክፉው አባት የተሣለበት መንገድ ይከብደኛል። ይህን ተከታታይ መውደዴ ጥፋት ነው?»

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ እንኳን ደስ አለህ። ሳታውቀው የዚህን ተከታታይ፣ የ«ማስተር ኦፍ ኩንግ ፉ»ን፣ ልብ ነው የገዛኸው። ሰዎቹ የሚነግሩህ ስለ ውዱ እትም ነው። አንተ እጅ ላይ ያለው ግን ምርጡ ነው። ሁለቱ ለየቅል ናቸው። እኔ ይህን ኮሚክ፣ ይህን በሥዕል የሚተረክ መጽሔት፣ ለብዙ ዓመት አንብቤዋለሁ፣ ሰብስቤዋለሁ፣ ለሌሎች ሰብሳቢዎችም መርምሬያለሁ። ለጀማሪ ሁሉ ከሁሉ አስቀድሜ የምነግረው ይህንኑ ነው።

ስለዚህ ለመጀመሪያው እትም ብለህ አታጠራቅም። ቢያንስ አሁን አይደለም። የጎደሉህን መካከለኛ ቁጥሮች ሙላ። ለምን እንደምልህ ላስረዳህ። ዓመቶቹን የምጽፈው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ሽፋኖቹ ላይ የምታየው እሱን ስለሆነ።

በ1973 አሜሪካ በኩንግ ፉ አብዳ ነበር። ስለ አንድ የሻኦሊን መነኩሴ የሚተርክ የቴሌቪዥን ድራማ ከ1972 ጀምሮ ይታያል። ብሩስ ሊ በጁላይ 1973 ሞተ። በቀጣዩ ወር ትልቁ ፊልሙ የአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ገባ። የኮሚክ አሳታሚው ማርቭል የቴሌቪዥኑን ድራማ በኮሚክ ለማውጣት ፈልጎ ነበር። መብቱ ግን በዋርነር እጅ ነው። ዋርነር ደግሞ የዋናው ተፎካካሪ የዲሲ ባለቤት ነው። አልሰጡም። ደራሲው ስቲቭ ኢንግልሃርትና ሠዓሊው ጂም ስታርሊን ታዲያ የራሳቸውን ጀግና ፈጠሩ። ሻንግ-ቺ የተወለደው እንዲህ ነው።

ማርቭል የፉ ማንቹንም መብት ገዛ። ፉ ማንቹ እንግሊዛዊው ደራሲ ሳክስ ሮመር ከ1910ዎቹ ጀምሮ በልቦለዶቹ ያወጣው ክፉ ሰው ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ሰፏቸው። ፉ ማንቹ የሻንግ-ቺ አባት ሆነ። ልጁ ከዓለም ተነጥሎ ያድጋል፤ አባቱን ቅዱስ አድርጎ ያያል። ከዚያ ሰው እንዲገድል ይላካል። ገደልኩ ብሎ ካበቃ በኋላ የአባቱን እውነተኛ ማንነት ይሰማል። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ አባትና ልጅ ጠላት ናቸው።

ይህ ታሪክ የወጣው «ስፔሻል ማርቭል ኤዲሽን» በሚባል መጽሔት ቁጥር 15 ላይ ነው። ሽፋኑ ዲሴምበር 1973 ይላል፤ ዋጋው 20 ሳንቲም። መጽሔቱ እስከዚያ ድረስ የሌሎች ጀግኖችን የቆየ ታሪክ እየደገመ ያትም ነበር። ሻንግ-ቺ በሁለት እትም ቤቱን ወረሰው። ከቁጥር 17፣ ማለትም ከኤፕሪል 1974 ጀምሮ ስሙ «ማስተር ኦፍ ኩንግ ፉ» ተባለ። ቁጥሩ ግን ወደ 1 አልተመለሰም። ይህን ልብ በል። ብዙ ጀማሪ ከ1 እስከ 14 ያለውን ሲፈልግ ይከርማል። እነዚያ አሉ፣ ሻንግ-ቺ ግን የለባቸውም።

15ኛው ውድ የሆነው የመጀመሪያው ስለሆነ ብቻ ነው። የኮሚክ ገበያ ለ«መጀመሪያ የታየበት» ከሁሉ በላይ ይከፍላል። ፊልሙ እንደሚሠራ ሲሰማ ዋጋው ተተኮሰ። ፊልሙ በሴፕቴምበር 2021 ወጥቶ ግርግሩ ሲበርድ ደግሞ ወረደ። በፊልም ወሬ የሚወጣና የሚወርድ ነገር ላይ ያለህን ሁሉ አታፍስስ። እትሙ መጥፎ ነው እያልኩህ አይደለም። የስታርሊን ሥዕል ጉልበት አለው፣ የአባትና የልጁ ግጭትም ያዝ ያደርጋል። ግን ሰዎች ይህን ተከታታይ ለሃምሳ ዓመት የወደዱት በእሱ ምክንያት አይደለም።

የወደዱት አንተ እጅ ላይ ባሉት ነው። ደራሲው ዳግ ሜንች በ1974 ገባና እስከ 122ኛው ድረስ አብሮ ዘለቀ። ሠዓሊው ፖል ጉላሲ በቁጥር 18 ጀምሯል። ሁለቱም ወጣቶች ነበሩ። የመጀመሪያዎቹ ሥራዎቻቸው ከጊዜው ኮሚክ ብዙም አይለዩም፤ ጩኸት፣ ዝላይ፣ ቡጢ። ከ29 እስከ 31 ባለው ታሪክ ግን መንገዱ ተቀየረ። ነገሩ ከመንገድ ድብድብ ወደ ስለላ ዞረ። ሻንግ-ቺ ለእንግሊዝ ስለላ ሰዎች ይሠራል፤ ሥራውን ግን ይጠየፈዋል። «የማታለልና የሞት ጨዋታ» እያለ ይጠራዋል። ሰላም የሚሻ ሰው ነው፤ እጁ ግን የተገራው ለመግደል ነው። ተከታታዩ እስከ መጨረሻው የተሸከመው ይህን ሕመም ነው።

እስቲ 38ኛውንና 39ኛውን አውጣና ጠረጴዛ ላይ ዘርጋቸው። ጽሑፉን ለጊዜው ተወው፤ ሥዕሉን ብቻ ተከተል። ጉላሲ አንድን ምት በአንድ ሥዕል አይጨርሰውም። በቀጫጭን ክፈፎች ይበታትነዋል። ትከሻ ይዞራል። እግር ይነሣል። ልብስ ይወዛወዛል። ከዚያ ሰፊ ክፈፍ ይመጣና ምቱ ያርፋል። ዓይንህ ሳታዝዘው ፍጥነት ይጨምራል፤ ሰፊው ክፈፍ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ይህ በአጋጣሚ የሚሆን አይደለም። ኮሚክ ውስጥ ጊዜ ማለት ቦታ ነው። ጠባብ ክፈፍ አጭር ቅጽበት ነው፣ ሰፊ ክፈፍ ደግሞ ረዘም ያለ ትንፋሽ። ማርሻል አርት ደግሞ ከጉልበት በፊት የጊዜ ጥበብ ነው። መቼ እንደምትመታ ካላወቅክ እንዴት እንደምትመታ ማወቅህ አይጠቅምህም። ጉላሲ ይህን በወረቀት ላይ ያሳየ ሰው ነው። ከእሱ በፊት የነበረው የኮሚክ ድብድብ ባብዛኛው የፎቶ አቋም ነበር።

በእነዚህ ሁለት እትሞች ሻንግ-ቺ ሆንግ ኮንግ ሄዶ «ድመቱ» የሚባለውን ሼን ኩዌይን ይገጥማል። ድመቱ ተራ ወንጀለኛ አይደለም፤ በችሎታ እኩያው ነው። ሁለቱም የሚያምኑበት ነገር አላቸው፤ ሁለቱንም ሌሎች እየተጠቀሙባቸው ነው። እኩል የሆኑ ሰዎች ሲጋጠሙ ደግሞ ድብድቡ ማን ይበልጣል ከሚለው አልፎ «ለምን እንደባደባለን?» ወደሚለው ይሄዳል። ለእኔ ከሁሉም የምወደው ታሪክ ይህ ነው። ከ33 እስከ 35 ያለውን ደግሞ ፈታ ብለህ አንብበው። መጫወቻ የሞላበት ደሴት ያለው ገዳይ አለበት፤ ቀልድና ፍርሃት ተቃቅፈው ይሄዳሉ። ሌይኮ ዉ የምትባለዋም ሴት የምትገባው በ33ኛው ነው። የጀግና ጓደኛ ተብላ ጥግ የምትቀመጥ አይደለችም፤ በራሷ የቆመች ሰላይ ናት።

የጽሑፉ ነገርም አለ። ሻንግ-ቺ ራሱ ነው የሚተርከው። ረጋ ያለ ድምፅ ነው፣ ልክ ለራሱ እንደሚናገር። ሥዕሉ በአውሎ ነፋስ ሲናጥ ድምፁ አይጮህም። አንዳንድ ሰው ቃላቱ በዝተዋል ይላል። አንዳንድ ገጽ ላይ እውነትም ይበዛሉ። በተለይ በቀደሙት እትሞች ሜንች ሥዕሉ የነገረንን መልሶ ይነግረናል። ከ1976 ወዲህ ግን ዝም ማለትን ተማረ፤ ያኔ ነው ሁለቱ ሰዎች አንድ እጅ የሆኑት።

ጉላሲ ከሄደ በኋላ ተከታታዩ አልሞተም። ማይክ ዜክ እስከ 101ኛው ድረስ ይዞት ሄደ፤ ንጹህ፣ ጠንካራ መስመር ያለው ሠዓሊ ነው። ካናዳዊው ጂን ዴይ መጀመሪያ የዜክን የእርሳስ ሥዕል በቀለም ያጠነክር ነበር። ከ102ኛው ጀምሮ ግን ራሱ ሣለው፤ እስከ 120ኛው። ስለ ዴይ ስጽፍ አሁንም ልቤ ይነካል። ገጹን እንደ ሕንፃ ነው የሚያየው። አንድ ትልቅ ክፍል ይሥልና በክፈፎች ይቆራርጠዋል። ሰዎቹ ከክፈፍ ወደ ክፈፍ ሲሄዱ በዚያው ክፍል ውስጥ ይራመዳሉ። በሴፕቴምበር 1982 በልብ ሕመም ሞተ። ዕድሜው 31 ነበር። 120ኛው ሽፋን ላይ ያለው ጃንዋሪ 1983 የሚለው ቀን ከሞተ በኋላ ነው ማለት ነው። መጽሔቱም በ125ኛው፣ በጁን 1983 አበቃ። የዴይ እትሞች በገበያ ላይ ብዙም አይፈለጉም። ስለዚህ ርካሽ ናቸው። ተጠቀምበት።

አሁን ወደ ከበደህ ነገር። ልክ ነህ፣ ይከብዳል። ፉ ማንቹ የተፈጠረው አውሮፓና አሜሪካ የእስያን ሕዝብ እንደ ሥጋት በሚያዩበት ዘመን ነው፤ የተሠራውም ከዚያ ጥላቻ ነው። ኮሚኩ ያንን ጭምብል እንዳለ ወሰደው። ቀለሙንም እይ። የቻይናውያኑ ቆዳ ማንም ሰው የሌለው ብርቱካንማና ቢጫ ነው። በርካሽ ወረቀት ላይ በአራት ቀለም ሲታተም ምርጫው ጠባብ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ለሌሎቹ ሰዎች የተሻለ ቀለም ተገኝቶላቸዋል። በጊዜው አንባቢዎች ይህንኑ ጠቅሰው ጽፈዋል፤ ቅሬታቸውም በደብዳቤ ገጹ ላይ ወጥቷል። ስለዚህ ዛሬ የተሰማህ ነገር ያኔም የተሰማቸው ነበሩ።

እኔ የምልህ፣ መውደድህ ጥፋት አይደለም፤ ያየኸውን እንዳላየህ መሆን ነው ጥፋቱ። ሜንች ራሱ ከዚያ አባት ጋር ሲታገል ታየዋለህ። ልጁን ሙሉ ሰው አድርጎ ሠራው፤ ያስባል፣ ይጠራጠራል፣ ያፈቅራል፣ ያዝናል። በ1970ዎቹ የአሜሪካ ኮሚክ ውስጥ ለአንድ ቻይናዊ ጀግና ይህ ትልቅ ነገር ነው። ማርቭልም በኋላ የአባቱን ስም ትቶታል። የሮመር መብት ከእጁ ስለወጣ በ2010 ዜንግ ዙ የሚል ሌላ ስም ሰጠው። ፊልሙ ደግሞ ዌንዉ አለው። ያው የመብት ጉዳይ የድሮዎቹን እትሞች ለሠላሳ ዓመት ያህል ከድጋሚ ኅትመት አግዷቸው ነበር። ማንበብ የፈለገ ኦሪጅናሉን ማሳደድ ነበረበት። ሙሉው ተከታታይ በአራት ወፋፍራም ጥራዞች የወጣው በ2016 እና በ2017 ነው።

አሁን 39ኛው። ይህን ሳታነብ ለማንም እንዳትሸጠው። የኅትመት ስህተት አይደለም። በ1976 ማርቭል ዋጋውን ከ25 ወደ 30 ሳንቲም ማሳደግ ፈለገ። ገዢው ይሸሽ እንደሆነ ለማየት በጥቂት አካባቢዎች ብቻ 30 ሳንቲም የታተመበትን አወጣ። በተቀረው አገር ያው 25 ነበር። ሙከራው ሽፋናቸው ከኤፕሪል እስከ ኦገስት 1976 የሚሉትን ይመለከታል። በዚህ ተከታታይ ከ39 እስከ 43 ማለት ነው። ከ44 ጀምሮ ሁሉም 30 ሆነ። ስለዚህ 42ኛህ የተለመደው ነው፤ 39ኛህ ግን ከጥቂቶቹ አንዱ ነው። ሰብሳቢዎች እነዚህን አጥብቀው ይፈልጋሉ። በ1977 ተመሳሳይ ሙከራ ከ30 ወደ 35 ተደርጓል፤ እሱ ከ53 እስከ 57 ያሉት ላይ ነው። ጎን ለጎን ካላየሃቸው ልዩነቱ አይታይህም፤ ብዙ ሻጭም አያየውም። ርካሽ ሣጥን ስትበረብር እነዚህን አሥር ቁጥሮች ባየህ ቁጥር መጀመሪያ ዋጋውን አንብብ።

አንድ ጥንቃቄ ብቻ። «30» የሚለው በማተሚያ የታተመ እንጂ በእጅ የተነካካ አለመሆኑን በአጉሊ መነጽር እይ። ከዙሪያው ቀለም ጋር አንድ ዓይነት ብርሃን ሊኖረው ይገባል። ብርሃኑን አጋድመህ ስታበራበት እስኪብርቶ ወይም ማርከር ያብለጨልጫል። በፔንስ ዋጋ የታተሙ ካየህ ደግሞ ለእንግሊዝ ገበያ የተዘጋጁ ናቸው፤ ከዚህ ሙከራ ጋር አይገናኙም።

ስለ ሁኔታቸው ትንሽ ረዘም አድርጌ ላውራ፤ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ልክ እንዳንተ ስጀምር ከአንድ ሻጭ አንድ የ1974 የማርቭል እትም ገዛሁ። ሽፋኑ ያበራል፤ ጀርባው ቀጥ ያለ ነው። ጥሩ ከፈልኩበት። ቤት ገብቼ ሳገላብጠው የደብዳቤ ገጹ ላይ አራት ማዕዘን ቀዳዳ አገኘሁ። ማርቭል ከ1974 መጀመሪያ ጀምሮ በመጽሔቶቹ ውስጥ «የማርቭል ቫልዩ ቴምብር» የሚባል ነገር ያትም ነበር። የመጀመሪያው ስብስብ 100 ቴምብሮች ነበሩት። ልጆች እየቆረጡ ልዩ ደብተር ላይ ይለጥፉ ነበር። ለልጆቹ ደስታ ነበር። ለዛሬ ሰብሳቢ ግን ቴምብሩ የተቆረጠ እትም ምንም ያህል ቢያምር ያልተሟላ ነው፤ ዋጋው ይወድቃል። እኔ ያን ቀን አለቀስኩ ብል አላጋነንኩም። ገንዘቡ ሳይሆን አምኜ አለመግለጤ ነው ያበገነኝ። ስለዚህ ከ1974 እስከ 1976 የወጣ እትም ስትገዛ የደብዳቤ ገጹን ፎቶ ጠይቅ። ሻጩ «አልከፍተውም» ካለ እለፈው።

ቀጥሎ መካከሉን እይ። ሽፋኑን ሳትቆጥር 32 ገጽ መሆን አለበት። የመካከለኛው ቅጠል ከስቴፕሉ ተላቆ የጠፋበት ብዙ ነው፤ ታሪኩ ከዚያ ገጽ ላይ ይዘላል። ስቴፕሉ ዝጎ ከሆነ ወረቀቱን ቡናማ አድርጎ ይበላዋል፤ እርጥበት ቦታ ኖሯል ማለት ነው። አሽትተው። የድሮ ወረቀት የራሱ ሽታ አለው፤ ሻጋታ ግን ሌላ ነው፣ አፍንጫህ ይለየዋል። ሻጋታ ያለበትን ነፃ ቢሰጡህም ከሌሎቹ ጋር አታስቀምጠው። ጀርባው ላይ የሚታዩት ትናንሽ ነጫጭ ጭረቶች መጽሔቱ በተከፈተ ቁጥር ቀለሙ የተሰነጠቀባቸው ናቸው። ጥቂት ቢሆኑ ችግር የለውም። ጥቁር ጠርዝ ላይ በማርከር የተሸፈኑ ካሉ ግን ተጠንቀቅ። ያ በገበያው ዓይን ጥገና ነው፤ ሻጩ አስቀድሞ ሊናገረው ይገባል።

ገጾቹ ቢጫ መሆናቸው አያስደንግጥህ። የጋዜጣ ወረቀት ናቸው። የዚያን ዘመን የአሜሪካ ኮሚክ አብዛኛው ኢሊኖይ ውስጥ ስፓርታ በምትባል ከተማ ባለው ማተሚያ ቤት፣ በርካሽ ወረቀት ላይ፣ በፍጥነት የታተመ ነው። በዚያ ወረቀት ውስጥ ያለው፣ ከእንጨቱ የሚመጣው ሊግኒን ከአየርና ከብርሃን ጋር ሲገናኝ አሲድ ይፈጥራል። ቡናማ የሚያደርገውና የሚያሰባብረው እሱ ነው። ልታስቆመው አትችልም፤ ልታዘገየው ግን ትችላለህ። ቀዝቀዝ ያለ፣ ደረቅና ጨለማ ቦታ ምረጥ። ሙቀቱ 20 ዲግሪ አካባቢ፣ እርጥበቱ ከ50 በመቶ የማይበልጥ ቢሆን መልካም ነው። ከዚህ በላይ የሚጎዳው መለዋወጡ ነው፤ ስለዚህ ጣሪያ ሥርና ምድር ቤት አታስቀምጥ።

ለእያንዳንዱ አንድ ከረጢትና ከጀርባው አንድ አሲድ አልባ ካርቶን ይበቃዋል። ተራው የፖሊፕሮፒሊን ከረጢት ለአብዛኞቹ ጥሩ ነው፤ በየጥቂት ዓመቱ ግን ቀይረው። ለ39ኛህ ማይላር ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠራ ከረጢት ግዛ። ውድ ነው፣ ግን አይበላሽም፣ ወረቀቱንም አይነካም። ፒቪሲ ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠራ ነገር አታስጠጋ። በሣጥን ውስጥ ቀጥ አድርገህ አቁማቸው፤ ሳይጨናነቁ፣ ሳይጋደሙም። የተቀደደ ካለ በምንም ዓይነት ፕላስተር አትለጥፍ። እለምንሃለሁ። ሙጫው ከቀዳዳው የባሰ ጉዳት ያደርሳል።

በጠንካራ ፕላስቲክ ስለማሳሸግ ጠይቀሃል። ይህን የሚሠሩ ድርጅቶች አሉ፤ ታዋቂው ሲጂሲ ከ2000 ጀምሮ ይሠራል። መጽሔቱን ይመረምሩታል፣ ከ0.5 እስከ 10 ነጥብ ይሰጡታል፣ ከዚያ ያሽጉታል። ከታሸገ በኋላ አይገለጥም። ለ15ኛው ዓይነት ውድ እትም ይገባኛል፤ ገዢው ጥገናና የጎደለ ገጽ አለመኖሩን ማመን ይፈልጋል። 39ኛህም ንጹህ ሆኖ ለመሸጥ ካሰብክ ያዋጣል። የቀሩትን ግን አታሳሽግ። ይህን አጥብቄ ነው የምነግርህ። ጉላሲ ገጹን የሠራው እጅ እንዲገልጠው ነው። የአንድ ትዕይንት ፍጻሜ ከገጹ ጀርባ ተደብቆ የሚጠብቅህ በብዙ ቦታ ነው። በማስታወቂያዎቹም ላይ ቆም በል። በፖስታ የሚላክ የካራቴ ትምህርት፣ የጡንቻ ማዳበሪያ፣ ያ ዘመን ራሱን ሲያወራ ትሰማዋለህ።

ቀሪውን ባጭሩ። ከዋናው ተከታታይ ጎን በ1974 እና 1975 የወጡ አራት «ጃይንት-ሳይዝ» እትሞች አሉ፤ ወፍራም ናቸው፣ ዋጋቸው 50 ሳንቲም ነበር። በ1976 አንድ ዓመታዊ ልዩ እትም ወጥቷል፤ ሻንግ-ቺን ከሌላው የማርቭል የኩንግ ፉ ጀግና ከአይረን ፊስት ጋር ያገናኛል። ከዚያ «ዘ ዴድሊ ሃንድስ ኦፍ ኩንግ ፉ» አለ። ይህ ጥቁርና ነጭ፣ በመጠን ትልቅ መጽሔት ነው። ከ1974 እስከ 1977 በ33 ቁጥሮች ወጣ። ከኮሚኩ ጋር የማርሻል አርት ጽሑፎች፣ ቃለ መጠይቆችና የፊልም ግምገማዎች አሉት። በመጽሔት መልክ ስለወጣ የኮሚክ ሳንሱር ሕግ አይመለከተውም ነበር፤ ድብድቡም ጠንከር ይላል። 19ኛው ቁጥር ዋይት ታይገር የሚባለው የፖርቶ ሪኮ ተወላጅ ጀግና መጀመሪያ የታየበት ስለሆነ ይወደዳል። ከረጢት ስትገዛለት የመጽሔት መጠን ያለውን ግዛ፤ የኮሚኩ አይበቃውም።

አገዛዝህን በተመለከተ፣ ነጥቡ 6 ወይም 7 አካባቢ የሚሆን እትም ፈልግ። ትንሽ የተነበበ፣ ግን ሙሉ የሆነ። በእሱና በ9.4 መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ሰፊ ነው፤ ስታነብ ግን ልዩነቱ አይሰማህም። ነጠላ ነጠላ ከመግዛት በጥቅል መግዛት ይረክሳል። ያለህ ቁጥር ተደግሞ ከደረሰህ ትርፉን ለሌላ ጀማሪ በገዛህበት ስጠው።

አሁን የሚቀጥለው ሥራህ ይኸው ነው። 29 እና 30 ፈልግ፣ 31ኛህ የታሪኩ መጨረሻ ብቻ ነው። ቀጥሎ 40። ከዚያ 43 እና 44፤ 43ኛውን ስታገኝ ዋጋውን ማየት እንዳትረሳ። ከሁሉ በፊት ግን 48ን እና 49ን አግኝ። ከ45 እስከ 50 ያለው የጉላሲ የመጨረሻ ታሪክ ነው። በእያንዳንዱ እትም የሚተርከው ሌላ ሰው ነው። እስከዚያ ከውጭ ብቻ ያየኻቸው ሰዎች ተራ በተራ ልባቸውን ይከፍታሉ። አባትና ልጅ የሚፋጠጡትም እዚያ ነው። ሁለቱ እትሞች ውድ አይደሉም፤ በትዕግሥት ከፈለግክ በቅርብ ታገኛቸዋለህ።

50ኛው እጅህ ላይ እንዳለ አውቃለሁ። 48ና 49 እስኪመጡ ድረስ አትክፈተው።